በደረጃው ራስ ላይ ያለው ማብሪያ

መርማሪው ቤቱ ሲደርስ ሟቹ ከደረጃው ግርጌ በጎናቸው ወድቀዋል፤ መብራቱም በርቷል። ደረጃው መስኮት የለውም። ግን በየእርከኑ ጠርዝ፣ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ውስጥ ከተቀበሩ ትንንሽ አምፖሎች ለስለስ ያለ ቢጫ ብርሃን ይወርዳል። እያንዳንዱ እርከን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ድክ ድክ የሚል ሕፃን እንኳ ይለየዋል። መርማሪው ባርኔጣውን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ቆመ። በጨለማ የወደቀ ሰው ብዙ አይቷል። በብርሃን መካከል የወደቀ ሲያይ ግን ነገሩ ከነከነው።

ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሰፈሩ የወላጆቻቸውን ስያሜ ትቶ «ጋሽ ደቂቃ» ይላቸዋል፤ ቀጠሮውን ያሳለፈ ደንበኛ ከሰዓቱ በፊት ተግሣጹን ይቀበል ነበርና። ሞራ ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ ሱቃቸውን ዘግተው ከታናሽ እህታቸው ጋር በዚህ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ኖሩ፤ እሳቸው ላይ፣ እህታቸው ታች። ባልም ሚስትም ልጅም ወደዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። ሁለት ሆነው ብቻቸውን ነበሩ ማለት ይቻላል።

በቅርቡ ጋሽ ደቂቃ ቤቴን በወጉ አበራለሁ ብለው ባለሙያ መምረጥ ጀመሩ። የደረጃው ሥራ ትናንት አመሻሽ ላይ ተጠናቀቀ፤ ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ ሞቱ። ሰፈርተኛው ደግሞ ምርመራውን ከፖሊስ ቀድሞ ጨርሶ ጠብቋል። ከአጥሩ ውጭ «የልጅቷ ደብዛዛ መብራት ነው የገደላቸው» እየተባለ ነው። ልጅቷ የተባለችው መብራቱን የነደፈችው ወጣት ናት። በረንዳው ጥግ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ በራሷ ስም የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ቤት ነበር። የመርማሪው አለቃም በስልክ፣ የንድፍ ጉድለት ከሆነ ልጅቷን ይዞ እንዲመጣና ነገሩን እንዳያንዛዛ ነግሮታል። አንዴ ሰው ገዳይ መብራት የሠራች ከተባለች፣ ብትፈታም ማንም በሩን እንደማይከፍትላት ሁሉም ያውቀዋል።

መርማሪው ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ የሟቹን እጆች አየ። ግራኝ ነበሩ መሰለኝ ሲል አሰበ፤ የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ረዝሞና ወፍሮ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። የሰዓት ጀርባ ሲፈለቅቁበት የኖሩበት ጥፍር ነው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ላይ ወጣ።

በደረጃው ራስ ላይ፣ ከመኝታ ቤቱ ሲወጡ በግራ በኩል፣ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ከተለመደው ዝቅ ብሎ፣ ዳሌ አካባቢ ነው የተተከለው። አዲስ ዕቃ ስለሆነ ፊቱ ላይ የተለጠፈችው ስስ ፕላስቲክ ገና አልተላጠችም። መርማሪው መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። ፕላስቲኳ ላይ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ የጥፍር ምልክቶች እርስ በርስ ተደራርበዋል፤ አንዱ ቦታ ላይ እንዲያውም ተቀድዳለች። ወደ ታች ተመልሶ በደረጃው ግርጌ ያለውን መንትያ ማብሪያ አየ። እዚያ ያለው ምልክት አንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረው እህትየዋን ነው። ክፍላቸው ከደረጃው ጎን ናት። መስኮቱ ሥር መደገፊያው ያለቀ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ተጀምሮ የተቀመጠ ስፌት አለ። ከጣሪያው መሐል የተንጠለጠለው አምፖል ከወንበሩ ስለሚርቅ ብርሃኑ እዚያ ሲደርስ ደክሞታል። ሴትዮዋ አላለቀሱም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ።

«እትዬ፣ ወንድምዎ ለምን በዚያ ሰዓት ወረዱ?» አላቸው።

«ጋሼ ሁልጊዜ ወፍ ሳይንጫጫ ነው የሚነሳ። የሳሎኑን ሰዓት የሚሞላው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም። ባትሪዬን ይዤ፣ እጁን ይዤ አወርደዋለሁ። ትናንት ግን መብራት ገባለት። ከእንግዲህ ብቻዬን ነው አለ።»

«ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ስነቃ የደረጃው ብርሃን በበሬ ሥር ታየኝ። አብርቶ እየወረደ ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ሲነጋ ብወጣ…» አልጨረሱትም። ቀሪው ከበሩ ውጭ ተኝቷል።

ባለሱቁን ሳሎን ውስጥ አገኘው። መብራት የሚሸጥ፣ ሲናገር እጁ የሚቀድመው፣ ደስተኛ ለመምሰል ብዙ የሚደክም ሰው ነው። ንግግሩ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የተጠራው እሱ ነበር፤ የጣሪያውን ስፋት ለክቶ ለሳሎኑ ባለ ብዙ አምፖል ትልቅ ተንጠልጣይ፣ ለደረጃው ደግሞ ቀንን የሚያስንቅ ነጭ መብራት አቀረበ። ከእሱ ለገዛ ገጠማው በነፃ ነበር። ሽማግሌው ግን አመስግነው ሸኙት፤ በኋላ አምፖሎቹን ብቻ እንዲያቀርብ አዘዙት።

«እኔ ነጭ መብራት አድርጌ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ» አለ።

መርማሪው ከባለሱቁ እግር አጠገብ ያልተከፈተ ካርቶን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀው። ዛሬ የሚገጠም አንድ ዕቃ ቀርቶ እንደነበር፣ የት እንደሚገባ ግን እሱ እንደማያውቅ መለሰለት።

ኤሌክትሪሺያኑ ማድቤት ውስጥ ቆሞ ነበር። ሁለተኛ የተጠራው እሱ ነው። ገመዱ በየት እንደሚያልፍ ነገራቸው፣ የድሮው መስመር በስብሷል አላቸው፤ ልክ ነበር። የገጠማውን ሥራ የሰጡት ስላልቀባጠረ ነው ይላል። ቁምሳጥኑን ከፍቶ የመብራት ማከፋፈያ ሳጥኑን አሳየው። ድሮ ቤቱን ሁሉ የሚያጠፋ አንድ ትልቅ እጀታ ብቻ ነበር። አሁን ትልቁ ከላይ አለ፤ ከሥሩ ለየክፍሉ ትንንሽ እጀታዎች ተደርድረዋል። የሽማግሌው ዓይን ፊደል ስለማይለይ በእያንዳንዱ ላይ ወፍራም ሥዕል ስሏል፦ አልጋ፣ ድስት፣ ወንበር፣ ደረጃ።

«ይህን ለማን አስረዳህ?»

«ለሁላቸውም፣ ትናንት ደረጃው ከተሞከረ በኋላ። እትዬ ብቻ ራሴን አመመኝ ብለው ክፍላቸው ገብተው ነበር።»

ሌሊት ቤቱ መግባት የሚችል ማን እንደሆነ ሲጠይቀው ኤሌክትሪሺያኑ አንገቱን አከከ። የማድቤቱ የጓሮ በር ቁልፍ ከአበባ ማሰሮ ሥር ይቀመጣል፤ እሱም፣ ልጅቷም፣ ባለሱቁም ሲመላለሱ የሚገቡት በዚያ ነው። እንግዲህ በር አንድንም ሰው ነፃ አላወጣም።

መርማሪው ሊወጣ ሲል ከፍሪጁ በላይ ያለችውን ሰዓት አየ፤ በኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካች ናት። የእጅ ሰዓቱን አየ። ሳሎን ሄዶ ሽማግሌው ይሞሉት የነበረውን ትልቁን ሰዓት አየ፤ ፎቅ ወጥቶ የራስጌውን አየ። ሁሉም አንድ ቃል ይናገራሉ። የማድቤቷ ብቻ ወደ ኋላ ቀርታለች። በጋሽ ደቂቃ ቤት የሚዘገይ ሰዓት። ወዲያው ጎን ወዳለው ዳቦ ቤት ተሻገረ፤ ጋጋሪው ሌሊቱን ሙሉ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲጋግር እንዳነጋና መብራት ቅንጣት እንዳልጠፋ ነገረው።

ንድፍ አውጪዋን መጨረሻ ላይ አነጋገራት። ከበረንዳው አልተነሳችም፤ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ስንት አምፖል እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም» አለችው። «ሲመሽ የት ነው የሚቀመጡት፣ ምን ይሠራሉ ብዬ ነው የጠየቅኳቸው። ከዚያ አንድ ማታ አብሬያቸው ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሲነሱ አየሁ፣ ሲራመዱ አየሁ። እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍ ጉም ነው የሚሆንበት፣ ጭራሽ ያሳውራል። ስለዚህ ብርሃኑን ከእግራቸው ሥር አደረግኩት።»

«ማብሪያውንስ ለምን ዝቅ አደረግሽው?»

«ቀኝ እጃቸውን እህታቸው ነው የሚይዙት። ነፃ የሚሆነው ግራቸው ነው፤ ሲወርዱ ደግሞ በዳሌያቸው ልክ ግድግዳውን እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ሳይፈልጉት እጃቸው ላይ እንዲያርፍ ብዬ ነው። ትናንት ሁላችንም ፊት ከታች አብርተው ወጡ፣ ላይ ደርሰው አጠፉት። እንደ ልጅ ሳቁ።» ቦርሳዋን ይበልጥ ታቀፈች። «እውነት ግን በኔ ይሆን?»

መርማሪው ማጽናኛ ቃል ከአፉ ቶሎ የሚወጣለት ሰው አይደለም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሥራ ውጭ የሚያናግረው ሰው የለውም። የቤቱ ኮሪደር አምፖል ተቃጥሎ ከቀረ ቆየ፤ መቀየሩን ትቶ በዳበሳ ማለፍ ለምዷል። አሁን እሱን ሲያስብ አንድ ነገር ገባው። ለአንድ ሰው ብቻ ጨለማ የማይሆን ጨለማ አለ።

«ሲመሽ ሳሎን ጠብቂኝ» አላትና ተነሳ።

ሲመሽ አራቱም ሳሎን ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል፤ ትልቁ ሰዓት ሳይሞላ ስለዋለ ምቱ ደከም ብሏል። እህትየዋ ከበሩ አጠገብ፣ ሌሎቹ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። መርማሪው ቆመ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን ሳናሳድረው እንጨርሰው» አለ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው የበራለትን ማብሪያ ስንት ጊዜ ይጫናል?»

«አንዴ ነዋ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

«ጋሽ ደቂቃ ከታች ያለውን አንዴ ተጭነዋል፤ ጥፍራቸው ፕላስቲኩ ላይ አለ። ከላይ ያለውን ትናንት ሲያጠፉ አንዴ፣ ዛሬ ሲያበሩ አንዴ መጫን ነበረባቸው። ግን ፕላስቲኩ እስኪቀደድ ተጭነውታል። ይህን የሚያደርገው አልበራ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ማብሪያውን አላጡትም፤ ልጅቷ እጃቸው ላይ አድርጋላቸዋለች። የወደቁትም በደብዛዛ መብራት አይደለም። በድቅድቅ ጨለማ ነው።»

ንድፍ አውጪዋ ቀና አለች። ባለሱቁ ግን፣ «እንግዲያ ገጠማው ነዋ የተበላሸው» ብሎ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ አየ። ጥፋት ከራሱ ደጅ እስከራቀ ድረስ የማንም ደጅ ቢያድር ግድ የለውም።

«ቢበላሽ ኖሮ ጠዋት በርቶ አላገኘውም ነበር» አለ መርማሪው። «መብራቱ ጠፍቶ ነበር፤ ከወደቁ በኋላ ተመልሶ መጣ። ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ዳቦ ቤቱ ምድጃው ሳይበርድ ነው ያደረው። የማድቤቷ ሰዓት ግን ለጥቂት ጊዜ ቆማ እንደገና ተነስታለች። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው አጥፍቶ መልሷል።»

መርማሪው ሁሉንም ወደ ማድቤት ወሰዳቸው፤ ቁምሳጥኑን ከፈተ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የደረጃውን መብራት ከዚህ አጥፉልኝ። ኤሌክትሪሺያኑ የደረጃ ሥዕል ያለበትን ትንሽ እጀታ አወረደና መለሰው። ንድፍ አውጪዋም እንደዚያው። ባለሱቁ ለአፍታ ሥዕሎቹን አየና እሱም ያችኑ ነካ።

«የሚያውቅ ሰው ይህን ያደርጋል» አለ መርማሪው። «ይህን ካደረገ ደግሞ የማድቤቷ ሰዓት አትቆምም። ከጓሮ የገባ ሰው ቢሆን ቤቱን ሙሉ አጥፍቶ በማያውቀው ጨለማ ራሱን አያስርም። ሁሉን ያጠፋው፣ አዲሶቹን እጀታዎች ያላየና የቤቱን ጨለማ በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው። እትዬ፣ እርስዎም ያጥፉልኝ።»

ሴትዮዋ ተጠጉ። ሥዕሎቹን አላዩም። እጃቸው ዘመናቸውን ሙሉ ወደሚያውቀው ወደ ትልቁ እጀታ በራሱ ሄደ፤ ጎትተው አወረዱት። ፍሪጁ ዝም አለ፤ ቤቱ ጨለመ። ባለሱቁ ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ ተሰማ። ሴትዮዋ ብቻ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

«አልጠራኝም» አሉ በጨለማው ውስጥ።

መርማሪው ወደ ድምፃቸው ዞረ።

«ባትሪዬን ይዤ በሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ማብሪያውን ሲጫን እሰማዋለሁ፤ ደጋግሞ ይጫናል። አሁን ይጠራኛል እላለሁ፣ አሁን ይጠራኛል እላለሁ። አንዴ ስሜን ቢጠራ እወጣ ነበር። ከዚያ እግሩን ሰማሁ… ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። እጀታውን ስመልሰው መብራቱ በአንዴ ቦግ አለ፤ እሱ ላይ። እንዲሞት አይደለም። ትናንት ስታጨበጭቡለት ብቻውን ወጣ፤ ዞሮ እንኳ አላየኝም። እጁን ካልያዝኩ እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ? ይህ መብራት አይታመንም፣ አንቺው ትሻይኛለሽ ይበለኝ ብዬ ነው።»

ኤሌክትሪሺያኑ በዳበሳ እጀታውን መለሰው። ብርሃኑ ሲመጣ የሴትዮዋ ፊት በእንባ ርሶ ነበር።

ያን ጊዜ ንድፍ አውጪዋ ወደ ሳሎን ሄዳ ካርቶኑን ይዛ ተመለሰች። ለጋሽ ደቂቃ አደራ ስላለባት እስካሁን እንዳልተናገረች ለመርማሪው ነገረችው። ከፈተችው። በክንዱ የሚታጠፍ፣ ትንሽ፣ ለአንድ ሰው የተሠራ መብራት ነው።

«መጀመሪያ ያዘዙኝ የደረጃውን አልነበረም፣ ይህን ነው» አለች ወደ ሴትዮዋ ዞራ። «ለእርስዎ ወንበር። ከግራ ትከሻዎ በላይ እንዲሆን፣ ሲሰፉ የእጅዎ ጥላ ጨርቁ ላይ እንዳያርፍ። ዓይኗን በስፌት ጨረሰች፣ እንደኔ እንዳትሆን አሉኝ። ደረጃው የተጨመረው በኋላ ነው። በኔ ምክንያት ጠዋት ተኝታ አታውቅም፤ እኔ ብቻዬን ከወረድኩ ትተኛለች አሉ። ይህኛው ዛሬ ሳይነግሩዎት ሊበራልዎት ነበር።»

ሴትዮዋ መብራቱን በጣታቸው ነኩት።

«ታዲያ ለምን አልጠራኝም?» አሉ። የጠየቁት መርማሪውን ነው፤ የሁሉ ነገር መልስ እሱ ጋ እንዳለ ሁሉ።

መርማሪው በዚህ ሥራ ብዙ መልስ ሰጥቷል። ይህን ያህል ሊደብቀው የፈለገው መልስ ግን አልነበረም።

«እንዳይቀሰቅስዎት ብለው ነው፣ እትዬ።»

ኤሌክትሪሺያኑ አቀርቅሮ ካርቶኑን ምን እንደሚያደርገው ጠየቀ። ሴትዮዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ስቀልልኝ» አሉት፤ «አብርተኸውም ሂድ። ቤቱ ጨለማ አይደር።»

መርማሪው ወደ አለቃው ደውሎ የንድፍ ጉድለት እንደሌለ፣ የገጠማም ጉድለት እንደሌለ ነገረው። ከአጥሩ ውጭ የተኮለኮለው ሰፈርተኛ ንድፍ አውጪዋ ስትወጣ መንገድ ለቀቀላት። ጠዋት አፉን ሞልቶ የፈረደው ሰው ሁሉ አሁን ጫማውን ያያል። ባለሱቁም በዚህ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ኪሱ ከትቶ በዝምታ ወጣ።

ወደ ጣቢያ የሚሄዱት ሴትዮዋና መርማሪው መጨረሻ ቀሩ። በረንዳው በሥራው ውስጥ ስላልነበረ አምፖል የለውም፤ የደጁ እርከኖች ጨልመዋል። ሴትዮዋ እንደ ልማዳቸው አንድ እርከን ቀደም ብለው ወረዱ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ ሳያስቡት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

መርማሪው ደህና ያያል። የሚይዘው እጅ አያስፈልገውም፤ ሕጉም አይፈቅድለት ይሆናል። ግን የተዘረጋውን እጅ አየና ባርኔጣውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛውሮ እጃቸውን ያዘ።

«ቀስ» አሉት። «የመጨረሻው እርከን ያታልላል።»